ከንጉሡ ክፍል መውጣት

«ድራገን ክዌስት» የተባለው የጃፓን ጨዋታ የሚጀምረው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ጠባቂዎቹ ቆመዋል፤ ሦስት ሣጥኖች ወለሉ ላይ ይታያሉ፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ተጫዋቹ የንጉሡን ቃል ከሰማ በኋላ ከዚህ ክፍል ለመውጣት ሣጥኖቹን መፈተሽ፣ ያገኘውን መውሰድ፣ በወሰደው ቁልፍ በሩን መክፈት፣ ከዚያም ከበሩ ማዶ ያለውን ደረጃ መውረድ ይኖርበታል። ከሣጥኖቹ በአንዱ 120 ወርቅ፣ በሌላው ችቦ፣ በሦስተኛው ያ ቁልፍ አለ። ቁልፉን እንዴት እንደሚያገኝ የጨነቀው ሰው ከጠባቂዎቹ አንዱን ቢያናግር መልሱን ያገኛል። ደረጃውን ወርዶ የቤተ መንግሥቱን ግቢ ሲረግጥ፣ ለቀጣዮቹ ብዙ ሰዓታት የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች አብዛኞቹን በገዛ እጁ ሠርቶባቸዋል፤ ትምህርት ላይ እንደ ነበረ ግን አልታወቀውም።

ስለ ጥንታውያኑ የጃፓን የሚና ጨዋታዎች፣ በተለምዶ አርፒጂ ስለምንላቸው፣ ሰዎች ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ታሪካቸውንና ሙዚቃቸውን ነው። ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል። እኔ ግን በየጊዜው የምመለሰው ወደዚያ ክፍል ነው። ምክንያቱም እነዚህን ጨዋታዎች ታላቅ ያደረጋቸው ነገር እንግዳ አቀባበላቸው ይመስለኛል። ምንም የማያውቅ ሰው በራቸው ላይ ሲደርስ ሳያሳፍሩ ያስገቡታል፤ አቀባበሉም በቃል የሚነገር አይደለም፤ በቤቱ አሠራር ውስጥ አስቀድሞ የተሰናዳ ነው።

ጨዋታው ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 27 ቀን 1986 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ንድፉን ያወጣው ዩጂ ሆሪ ሲሆን፣ ሥዕሉን አኪራ ቶሪያማ፣ ሙዚቃውን ኮይቺ ሱጊያማ፣ ፕሮግራሙን ደግሞ ኮይቺ ናካሙራና ባልደረቦቹ ሠርተውታል። ሆሪና ናካሙራ «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» የተባሉትን የአሜሪካ የኮምፒውተር ጨዋታዎች እጅግ ይወዱ ነበር። እነዚያ ጨዋታዎች ግን ኪቦርድ ፊት ተቀምጦ ትእዛዞችን በየፊደላቸው ማስታወስን፣ ወፍራም መመሪያ ማንበብን፣ አንዳንዴም በወረቀት ላይ ካርታ መሣልን ይጠይቁ ነበር። በ1983 የወጣው ፋሚኮም በበኩሉ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የልጆች ማሽን ነው፤ ጆይስቲኩ አቅጣጫ መምሪያ መስቀልና ጥቂት ቁልፎች ብቻ አሉት። ሆሪ ቀደም ሲል የግድያ ምርመራ ጨዋታ ሠርቶ ነበርና፣ ያንን ጨዋታ ወደ ፋሚኮም ሲያመጡት ትእዛዝ በመጻፍ ፈንታ ከዝርዝር ውስጥ እንዲመረጥ አድርጓል። በ«ድራገን ክዌስት» ጥቁር መስኮት ላይ የተደረደሩት «ተናገር»፣ «ፈትሽ»፣ «ውሰድ»፣ «በር» የሚሉት ቃላት የመጡት ከዚያ ልምድ ነው።

እኔ ከእነዚህ ጨዋታዎች ጋር የተዋወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር የነበረው ጌም ቤት ሒሳቡ የሚታሰበው በግጥሚያ ነበር፤ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ከፍሎ፣ ጆይስቲኩን ለባለተራው አስረክቦ መነሣት ነው። ከኋላ አምስትና ስድስት ልጅ ተራውን እየጠበቀ የንጉሥን ቃል ቀስ ብሎ የሚያነብ፣ መንደር ለመንደር ዞሮ መረጃ የሚያሰባስብ፣ ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ የሚጀምር ልጅ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ለእኔ የልጅነት ትዝታ አይደለም። በልጅነቱ የተጫወተው ሰው የገዛ ልጅነቱንና የጨዋታውን መልካምነት መለየት ሊቸግረው ይችላል፤ እኔ ወደ እነዚህ ጨዋታዎች ስገባ ሥራ የያዝሁ፣ ጊዜዬ የሚያሳሳኝ ሰው ስለ ነበርሁ፣ ወዲያው ካልያዙኝ ትቼያቸው የምሄድ እንግዳ ነበርሁ። ያዙኝ።

ባለፈው ክረምት የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለውን የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ በ1989 የወጣውን የእንግሊዝኛውን ቅጂ ከፈትሁለት። እንግሊዝኛው ሆን ተብሎ በጥንታዊ አነጋገር የተጻፈ በመሆኑ የከበደውን ቃል እየፈታሁለት፣ ስለ አጨዋወቱ ግን አንድም ቃል ላለመተንፈስ ወሰንሁ። መጀመሪያ በሩን በሰውነቱ ገፋ። ቀጥሎ ግድግዳዎቹን ሁሉ እየዞረ ነካ። ከዚያ ሣጥን ላይ ቆሞ ዝርዝሩን ከፈተና ቃላቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ጋሼ፣ ይኼ ውሰድ ማለት ነው አይደል?» አለኝ። አራት ወይም አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ደረጃውን ሲወርድ ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት አንድ ሰው ጽሑፍ አሳይቶት ቢሆን ኖሮ የሚገኝ አልነበረም።

ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ የጠበቀው ነገር ደግሞ ከክፍሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ጨዋታው ገና ሲጀመር፣ ከንጉሡ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከውኃው ማዶ የጠላት ግንብ ይታያል። የጉዞው ሁሉ መጨረሻ የሆነው ቦታ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ዓይን ፊት ነው፤ በመካከል ያለው ጠባብ ውኃ ብቻ ነው። ያንን ውኃ ለመሻገር ግን ዓለሙን ዞሮ፣ ሦስት ነገሮችን ፈልጎ አግኝቶ፣ የቀስተ ደመና ድልድይ መዘርጋት ያስፈልጋል። ልጁ ግንቡን እንዳየ «እዚያ ነው የምሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝም አልሁት። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በተንከራተተ ቁጥር ለምን እንደሚንከራተት ማንም ማስታወስ አላስፈለገውም።

የዓለሙ ወሰንም እንደዚሁ ያለ ማስታወቂያ የተሠመረ ነው። ምንም አጥር የለም፤ እግር ወዳመራው መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ድልድይ ሲሻገሩ የሚገጥሙት ጭራቆች ይበረታሉ። የእህቴ ልጅ ይህን የተማረው ገና በመጀመሪያው ቀን አንዱን ድልድይ በልበ ሙሉነት ተሻግሮ፣ በሦስት ምት ሞቶ ነው። እዚህ ላይ የንድፉ ርኅራኄ ይገለጣል። በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው ንጉሡ ፊት ይነቃል፤ ከያዘው ወርቅ ግማሹን ያጣል፤ ከውጊያ ያገኘው ልምድ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አትቀነስበትም። ስለዚህ መሞት ያስቆጫል እንጂ ተስፋ አያስቆርጥም። የባከነ ሰዓት የለም፤ ተሸንፎ የተመለሰውም ሰው ከሄደበት ጊዜ ይልቅ ትንሽ በርትቶ ነው የሚመለሰው። ሆሪ ስለ ልምድ ነጥብና ስለ ደረጃ ዕድገት ሲናገር ያሰበው ጣቱ ፈጣን ያልሆነውን ሰው ነበር፤ በሌሎች የዘመኑ ጨዋታዎች ቅልጥፍና የሌለው ልጅ ከአንዱ ገደል ማለፍ አቅቶት ሲቀር፣ እዚህ ግን ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይደርሳል። አያትም ብትሆን፣ ልጅም ቢሆን።

የመጀመሪያውን ጠላትም ልብ ይሏል። ሆሪ ለቶሪያማ የሰጠው ንድፍ የተዝረከረከ ዝልግልግ ነገር ነበር፤ ቶሪያማ የመለሰለት ግን በእንባ ጠብታ ቅርጽ የተሠራ፣ ዓይኖቹ የተከፈቱ፣ ፈገግ ያለ ሰማያዊ ፍጡር ነው። እንግዳው በሜዳው ላይ መጀመሪያ የሚገጥመው ጠላት ፈገግ ይልለታል። ቶሪያማ በ2024 ሲያርፍ በዓለም ዙሪያ የነበሩ አድናቂዎቹ ያቺን ጠብታ ሲሥሉ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ማንም ሰው በአንድ መስመር ሊሥላት ይችላል።

ይህ ሁሉ የተቀመጠው 64 ኪሎባይት በሚይዝ ካሴት ውስጥ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በቦታ ጥበት ምክንያት ከጃፓንኛ ካታካና ፊደላት ውስጥ 20 ያህሉ ብቻ እንዲገቡ ተወስኖ፣ የጭራቆችና የቦታዎች ስሞች ከእነዚያው ፊደላት ሊጻፉ የሚችሉ እንዲሆኑ ተደርገው ወጡ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ እርሳስ አንሥቼ የራሳችንን ፊደል ሒሳብ ሠራሁ። ፋሚኮም የጀርባ ምስሉን የሚገነባው 8 በ8 ነጥብ ከሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ሲሆን፣ በመደበኛ አሠራሩ በአንድ ጊዜ ሊመርጥ የሚችለው ከ256 ካሬዎች ነው። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ለተራራው፣ ለባሕሩ፣ ለዛፉ፣ ለግንቡና ለመስኮቱ ጠርዝ የሚተርፈው 25 ካሬ ብቻ ነው። ጨዋታው በአማርኛ ቢሠራ ኖሮ ሠሪዎቹ ፊደል ገበታውን አንድ በአንድ እየተመለከቱ «ይህችን ፊደል የምንጠቀምባት ስንት ጊዜ ነው?» እያሉ መሟገት በግድ ይሆንባቸው ነበር። የንጉሡ ስም ጰ የሚል ፊደል ካለበት ስሙ ይቀየራል።

ከዚህ ጥበት የተወለደውን ነገር በየመንደሩ ይሰማል። አንድ የመንደር ሰው የሚናገረው አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ በከንቱ የሚናገር ሰው ብዙ የለም። አንዱ በሩቅ ስላለ ከተማ ይጠቁማል፤ ሌላው ስለ ጠፋ ዕቃ የሰማውን ይነግራል፤ የነገሩም ሁሉ ማሠሪያ የሚገኘው ተጫዋቹ ራሱ ሲገጣጥመው ነው። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ደብተር ገዝቶ መጣ። የሰማውን ሁሉ በአማርኛ እየጻፈ፣ የተረጋገጠውን በቀይ ያሰምርበት ነበር። በዛሬዎቹ ጨዋታዎች ካርታው ላይ የሚበራ ምልክት ወዴት መሄድ እንዳለብን ይነግረናል፤ ጊዜ እንደሚቆጥብ አልክድም፤ ነገር ግን ያንን ደብተር ያስቀራል።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በዋሻ ውስጥ የሚሰማው ዜማ ወደ ታችኛው ወለል በወረዱ ቁጥር እየጎረነነና እየዘገየ ይሄዳል። አዲስ ዜማ አልተጻፈም፤ ለአዲስ ዜማ ቦታም አልነበረም። ያው ዜማ ወረድ ብሎ ሲሰማ ግን ችቦ ይዞ በጠባብ የብርሃን ክብ ውስጥ የሚሄደው ሰው ከምድር በታች ምን ያህል እንደ ጠለቀ በጆሮው ያውቀዋል።

ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ ለጨዋታው ያለኝን አክብሮት የሚያሳንሰው ይመስለኛል። ጠላት ሳይታይ በየጥቂት እርምጃው ድንገት የሚመጣው ውጊያ ያደክማል። ከጉዞው መካከለኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ቀጣዩን ጠላት ለመቋቋም በአንድ ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ነጥብ ማጠራቀም የግድ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ጣት እንጂ አእምሮ አይደለም። ልጁም በዚህ ምክንያት ለአሥር ቀን ያህል ትቶት ነበር፤ አልፈረድሁበትም። ከዚህ ጨዋታ በኋላ የመጡት ሥራዎች ይህን ድካም በየፊናቸው ለማቃለል ሞክረዋል። ለምሳሌ በ1991 በወጣው ሌላ የጃፓን አርፒጂ፣ በ«ፋይናል ፋንታሲ 4» ውስጥ፣ ንድፍ አውጪው ሂሮዩኪ ኢቶ የውጊያው ጊዜ ተጫዋቹ እስኪወስን ሳይጠብቅ እንዲሮጥ አደረገ፤ ሐሳቡንም ያገኘው ከመኪና እሽቅድምድም ነበር። ሆኖም ለእኔ ሙሉውን መልስ የሰጠው በማርች 1995 የፋሚኮም ተተኪ ለሆነው ለሱፐር ፋሚኮም የወጣው «ክሮኖ ትሪገር» ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሆሪና ቶሪያማ ከ«ፋይናል ፋንታሲ» ፈጣሪ ከሂሮኖቡ ሳካጉቺ ጋር ተገናኙ፤ የአንድ ገበያ ተፎካካሪዎች የነበሩት ሁለት ታላላቅ ጨዋታዎች ሠሪዎች በአንድ ማዕድ ተቀመጡ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በተለመደው አሠራር ውጊያ ሲመጣ ስክሪኑ ተቀይሮ ተዋጊዎቹ ወደ ሌላ ቦታ የተወሰዱ ይመስሉ ነበር። እዚህ ግን ጭራቆቹ በጫካው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አስቀድመው ይታያሉ፤ ብዙዎቹን ዞሮ ማለፍም ይቻላል፤ ውጊያው ሲነሣም እዚያው፣ ሰዎቹ በቆሙበት መሬት ላይ ነው። ይህ አንድ ለውጥ የተጫዋቹን ጊዜ አከበረለት፤ ዓለሙንም አንድ ወጥ አደረገው።

ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ትዕይንት ውጊያ የለበትም። ክሮኖ የተባለው ወጣት የመንግሥቱ ሺኛ ዓመት በሚከበርበት የአደባባይ በዓል ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጋጫል፤ ልጅቷ ትወድቃለች፤ የአንገት ጌጧም ወደ ጎን ይፈናጠራል። ተጫዋቹ መጀመሪያ ልጅቷን ሊያናግር ይችላል፤ መጀመሪያ ጌጡንም ሊያነሣ ይችላል። በበዓሉ ላይ የአንድ ሽማግሌ ምሳ ተቀምጦ ይገኛል፤ መብላት ይቻላል። ድመቷ የጠፋባት ሕፃን አለች፤ ድመቷን መመለስ ይቻላል፤ ትቶ ማለፍም ይቻላል። እንደዚህ ባሉ ጨዋታዎች ያገኙትን ማንሣት፣ የሰው ቤት ገብቶ ሣጥን መክፈት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ተጫዋቹ ስለ እነዚህ ነገሮች አያስብም። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ግን ክሮኖ ልዕልቲቱን አፍነሃል ተብሎ ለፍርድ ይቀርባል፤ ልዕልቲቱ ያቺው የተጋጫት ልጅ ናት። ያን ጊዜ የበዓሉ ቀን ሥራው ሁሉ ይነሣበታል። ምሳው ተበልቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ስለ ድመቷም ይመሰከራል፤ መጀመሪያ የነካው ልጅቷን ይሁን ጌጡን፣ እሱም አልተረሳም።

እኔ ምሳውን በልቼ ነበር። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ይህ ሲነሣ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም በትክክል አስታውሳለሁ፤ ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበርና። እያንዳንዱ ጥያቄ «አደረገ» ወይም «አላደረገም» የሚል መልስ ብቻ ስላለው፣ መዝገቡን ለመያዝ የሚያስፈልገው የማስታወሻ ቦታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ ግን ከባድ ነው። «ድራገን ክዌስት» እንግዳውን በክብር ካስገባ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሆሪ የተሳተፈበት ይህ ጨዋታ እንግዳው በቤቱ ውስጥ ያደረገውን በልቡ ይዞ ቆየ። አንዳንዶች ተጫዋቹ ነጻ ቢባልም ቢፈረድበትም መጨረሻው ያው እስር ቤት ስለ ሆነ ፍርዱ ትርጉም የለውም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ታሪኩ ወደ አንድ በር ማምራቱ ያንን ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት አይሰርዘውም፤ በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ የማስበው ስለ ምሳው ነበር።

በዚሁ ጨዋታ አንዲት ሴት በረሃ የሆነውን ምድር መልሳ ጫካ ለማድረግ ትመኛለች፤ ዕድሜዋ ግን አይበቃም። ከተጓዦቹ አንዱ የሆነው ሮቦ የተባለው ማሽን እዚያው ቀርቶ ሊተክልላት ይወስናል። ጓደኞቹ በጊዜ መንኮራኩራቸው 400 ዓመት ወደ ፊት ሲሻገሩ ለእኛ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ለእሱ ግን አራት ምዕተ ዓመት ነበር። ሲመለሱ ምድሩ ለምልሟል፤ እሱ ዝጎ ቆሟል። ጠግነው ያስነሡታል፤ ማታም በዛፎቹ መካከል እሳት አንድደው ይቀመጣሉ። ጊዜን የመሻገር ችሎታ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቹ ታላቅ ኃይል ነው፤ በዚያች ማታ ግን ለእኛ አቋራጭ የነበረውን መንገድ ሌላው በእግሩ እንደ ሄደው ይታያል።

የእህቴ ልጅ ከአሥር ቀን በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ «ድራገን ክዌስት» ተመልሶ ነበር። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ የቀስተ ደመናውን ድልድይ ዘርግቶ ያንን ከመጀመሪያው ቀን ያየውን ግንብ ገባ። የግንቡ ጌታ የሆነው የዘንዶው ንጉሥ ከመዋጋታቸው በፊት የዓለምን ግማሽ ልስጥህ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ያለ ሰው ጨዋታው በጨለማ ያበቃበታል። ልጁ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ ከዚያም «አይሆንም» የሚለውን መረጠ። ሁለት ጊዜ ሞቶ፣ በሦስተኛው አሸነፈ።

በብዙ ጨዋታዎች የመጨረሻው ጠላት ሲወድቅ ሁሉ ነገር ያልቃል። እዚህ ግን ጆይስቲኩ በተጫዋቹ እጅ እንዳለ ይቀጥላል፤ ወደ ንጉሡ መመለስ የራሱ ፈንታ ነው። ልጁ ከግንቡ ወጥቶ የመጣበትን መንገድ ይዞ በእግሩ ሄደ። ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ቆም አለ፤ እንደገና ተራመደ። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ምንም የማይመጣው?» አለኝ። አልመለስሁለትም። ረግረጉን አለፈ፣ ዋሻውን አቋረጠ፣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሞተበት ድልድይ ደረሰ። ድልድዩን ተሻገረና መልሶ ተሻገረው፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ጨመረ።